ለሰርግና ለሆቴል ሥራ ኪስ የማይጎዳ አክቲቭ ስፒከር የቱ ነው?

የሐይቅ ዳር ክራር፦

ሰላም ቤተሰብ። ሐዋሳ ነን። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ከበሮና አንዲት ድምፃዊት ሆነን እንሠራለን። አንዳንዴ ኦርጋን የሚጫወት ወንድማችን ይጨመራል። ሆቴል ውስጥ ለእራት እንጫወታለን፤ ድንኳን ውስጥ ለመልስና ለቅልቅል እንጠራለን። ሰዉ ከ60 እስከ 200 ይደርሳል።

እስካሁን ሞንታርቦ የምናገኘው በኪራይ ነው። ኪራዩ ከምናገኘው ላይ ትልቁን ድርሻ ይበላል። አንዳንዴም ሥራው ሊጀመር ሲል "ለሌላ ሰው ሰጠሁት" እንባላለን። ስለዚህ የራሳችንን ሁለት አክቲቭ ስፒከር (አምፕሊፋየሩ ውስጡ ያለ) ልንገዛ ተነሥተናል።

ሁለት አማራጭ አለን። አንደኛው አዲስ ባለ 15 ኢንች ጥንድ ነው። ስሙን ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ካርቶኑ ላይ ግን በትልቁ "3000 ዋት" ይላል። ሁለተኛው ያገለገለ ያማሃ ዲቢአር 12 ጥንድ ነው። ዋጋው ትንሽ ይበልጣል፣ ዋቱ ግን 1000 ብቻ ነው። እንዴት ነው የሚመረጠው? ድምፃዊታችን "ግጥሙ ይሰማ እንጂ ጩኸት አልፈልግም" ብላለች። እኔም እንደሷ ነኝ።

ሳውንድ ቼክ፦

ያማሃው ጤነኛ ከሆነ ያማሃውን ያዙ። ዓይኔን ሳላሽ ነው የምለው።

ዋት ማለት አምፑ የሚገፋው ጉልበት ነው። ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ ድምፅ ሆኖ እንደሚወጣ የሚወስነው ኮኑ (የሚርገበገበው ክብ)፣ ማግኔቱ፣ ሆርኑ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ቀንድ) እና ሣጥኑ ነው። ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው ድምፅ 3 ዲሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ብቻ ነው። ጆሯችን "እጥፍ ጮኸ" የሚለው 10 ዲሲቤል ያህል ሲጨመር ነው። ለዚያ ዋቱ 10 እጥፍ ማደግ አለበት።

በዚያ ላይ ፋብሪካዎች በትልቁ የሚጽፉት ፒኩን ነው፤ አምፑ ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበትን ጫፍ። የዲቢአር 12 1000 ዋትም ፒክ ነው፤ ያለማቋረጥ የሚሰጠው 465 ነው። ያማሃ ግን ሁለቱንም ቁጥር በግልጽ ይጽፋል። ያኛው ካርቶን ላይ ያለው 3000 በምን እንደተለካ ሻጩን ጠይቁት። መልስ ካላገኛችሁ ቁጥሩን እንዳላያችሁት ቁጠሩት።

ከዋት ይልቅ "ማክሲመም ኤስፒኤል" የሚለውን መስመር ፈልጉ። ስፒከሩ በ1 ሜትር ርቀት የሚደርስበት ከፍተኛ ድምፅ ነው። ያማሃ ዲቢአር 10 በ700 ዋት 129 ዲሲቤል ይላል። ኤሌክትሮ ቮይስ ዜድኤልኤክስ 12ፒ በ1000 ዋት 126 ይላል። ሁለቱም ጎበዝ ስፒከሮች ናቸው። አለካካቸው ስለሚለያይ ልዩነቱን እንደ ወርቅ ሚዛን አትዩት። ግን ዋቱ ያነሰው ወደ ኋላ እንዳልቀረ ልብ በሉ።

ርቀትም አለ። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዲሲቤል ይወርዳል። በ1 ሜትር 126 የነበረው በ4 ሜትር 114፣ በ8 ሜትር 108፣ በ16 ሜትር 102 ይሆናል። ይህ ጫፉ ነው። የሙዚቃው አማካይ ከዚህም 10 እና ከዚያ በላይ ዲሲቤል ዝቅ ይላል። አዳራሽ ከሆነ ግድግዳና ጣሪያው ያግዛችኋል። የድንኳን ሸራ ግን ባሱን ያሳልፈዋል፣ አይመልስላችሁም። ስለዚህ በድንኳን ለ200 ሰው ስትሠሩ ትርፍ አቅም ያለው ስፒከር ያስፈልጋችኋል። ጫፉ ላይ ሆኖ የሚሠራ ስፒከር ከሁሉ በፊት የሚያበላሸው የሰው ድምፅ ነው።

ማሲንቆ በምሽት፦

ስለ ዋቱ ያልከው ልክ ነው። ግን ከበሮውንስ ምን ልታደርገው ነው? ሰርግ ላይ ሰው ከመቀመጫው የሚነሣው በከበሮ ነው። እኔ ጎንደርም ባሕር ዳርም ሠርቻለሁ። ጥሩ ባለ 15 ሲመታ ደረት ላይ ይሰማል። 12 ለእራት ሙዚቃ ይሆናል፣ ለእስክስታ ግን 15 እላለሁ።

ሳውንድ ቼክ፦

ወንድሜ፣ ኢንች ብቻውን ባስ አያመጣም። ከአንድ ፋብሪካ ሳንወጣ እንይ። ዲቢአር 15 ወደ ታች እስከ 49 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ፤ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) ይወርዳል። ዲቢአር 12 እስከ 52 ነው። ልዩነቱ 3 ኸርዝ ነው። ክብደታቸው ደግሞ 19.3 ኪሎና 15.8 ኪሎ ነው። ባጃጅ ላይ ጭኖ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ ስታንድ ላይ ለሚሰቅል ሰው የኪሎው ልዩነት ከኸርዙ ይበልጥበታል።

ሁለተኛ ነገር። እንዲህ ባሉ ስፒከሮች ትልቁ ኮን ከባሱ ሌላ የሰውን ድምፅ መሀለኛ ክፍልም ይሸከማል። ኮኑ በሰፋ ቁጥር ያ መሀለኛ ክፍል ፊት ለፊት ብቻ እየሄደ ይጠብባል። ጎን የተቀመጠ እንግዳ ግጥሙ ይታፈንበታል። በጥሩ ባለ 15 ይህን ፋብሪካው አስቦ ያስተካክለዋል። በርካሹ ግን ባሱ ይጎርፋል፣ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው) ይጮሃል፣ መሀሉ ባዶ ነው። ግጥሙ ያለው ደግሞ መሀሉ ላይ ነው።

ከበሮው ይምታ ካላችሁ፣ በኋላ ገንዘብ ሲገኝ አንድ ሰብዉፈር (ባስ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር፣ "ሰብ") ጨምሩ። ከ100 ኸርዝ በታች ያለው ለሰቡ ሲሰጥ 12ቶቹ ሸክማቸው ይቀልላል። የድምፃዊቷም ድምፅ ይጠራል። በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ከአንድ ሣጥን መፈለግ ነው ሰውን ወደዚያ "3000 ዋት" የሚወስደው።

ማሲንቆ በምሽት፦

በሰቡ ተስማምቻለሁ። ስለ መሀሉ ያልከውንም እኔ በማሲንቆዬ አውቀዋለሁ። ርካሽ ሆርን ማሲንቆን ያስጠላል። ከ2 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ጅራፍ ይሆናል፤ ፊት ያሉት እናቶች ጆሯቸውን ይይዛሉ። ጥሩ ስፒከር ላይ ሚክሰሩን በዚያ አካባቢ 3 ዲሲቤል ያህል ስቀንስ ይለሰልሳል፣ የጭራው ሽውታ ግን ይቀራል። መጥፎው ላይ ብቀንሰው ማሲንቆው ራሱ ይጠፋል። የምትገዙ ልጆች፣ ለፍተሻ ስትሄዱ ማሲንቆ ይዛችሁ ሂዱ። ስልክ ላይ ባለ ዘፈን ብቻ አትፈትሹ። የተቀዳ ዘፈን ተስተካክሎ ያለቀ ስለሆነ የስፒከሩን ጉድ ይሸፍናል።

ኮይል ቤት፦

ልጆቼ፣ እኔ መርካቶ ስፒከር እጠግናለሁ። ኮይል (ኮኑን የሚያንቀሳቅሰውን የሽቦ ጥቅል) እጠመጥማለሁ፣ ኮን እቀይራለሁ። ከውስጥ ያለውን ልንገራችሁ።

እነዚያ ትልልቅ ቁጥር የተጻፈባቸው ሣጥኖች ሲከፈቱ ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ማግኔት ትንሽ ነው፤ ኮይሉም ቀጭን ነው። ከልክ በላይ ሲገፋ የሚቆጣጠረው ሊሚተርም የላቸውም። ሰው ድምፅ አነሰኝ ብሎ ይጨምራል፣ አምፑ ከአቅሙ አልፎ የድምፁን ጫፍ ይቆርጣል፣ ትዊተሩ ይቃጠላል። ታዋቂ ስም የተለጠፈባቸው ኮፒዎችም አሉ። እነሱን በክብደት ትይዟቸዋላችሁ። ፋብሪካው የጻፈውን ኪሎ ከኢንተርኔት እዩና ሚዛን ላይ አውጡት። ሴሪያል ቁጥሩ በጥንዱ ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ ጥላችሁት ውጡ።

ያገለገለውን ስትፈትሹ መጀመሪያ ምንም ሳትሰኩ አብሩት። ጆሯችሁን አስጠጉ። ትንሽ ሽሽታ ችግር የለውም፣ "ህምምም" የሚል ከሆነ ግን ጠርጥሩ። ከዚያ ስልክ ላይ ቶን የሚያወጣ አፕ ጫኑ። ከ50 ኸርዝ ጀምራችሁ በቀስታ እስከ 300 ውሰዱት። በመሀል ቢንኮሻኮሽ ወይ ኮይሉ ማግኔቱን ይነካል፣ ወይ ሣጥኑ ላልቷል። ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ በአንዴ አትልቀቁት። ግሪሉ (የፊቱ ወንፊት) ከተፈታ ደግሞ ኮኑን ከሁለት ጎን በጣቶቻችሁ እኩል አድርጋችሁ በቀስታ ግፉት። ሸካራ ነገር ከተሰማችሁ ኮይሉ አንድ ጊዜ ጋል ብሎ ነበር ማለት ነው። አፍንጫችሁንም ተጠቀሙ፤ የተቃጠለ ኮይል ሽታው ከሣጥኑ ቶሎ አይለቅም።

በመጨረሻ ግማሽ ሰዓት በደንብ አሠሩት። ችግር ያለበት አምፕ ሲሞቅ ነው የሚያስታውቀው። ሻጩ "መብራት ይበላል" ብሎ ከከለከላችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ኮን እና ኮይል ይጠገናል። የአክቲቭ ስፒከር የፓወር ቦርድ ግን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር ብዙ ሰው የያዘውን ሞዴል ግዙ። አንዱ ሲሞት ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል።

የሐይቅ ዳር ክራር፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ወስደው ስለጻፉልን ከልብ እናመሰግናለን። ነገ ማሲንቆና ማይክ ይዘን እንሄዳለን።

ከአሌክሳንድሪያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። ቅዳሜ ማታ ሐበሻ ሬስቶራንት እጫወታለሁ። እዚህ በዚህ ደረጃ ያሉት፣ ማለትም ያማሃ ዲቢአር፣ ዜድኤልኤክስ፣ ማኪ ታምፕ፣ አልቶ እና ቤሪንገር፣ አዲስ ሲገዙ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ናቸው። ዘመድ ያለው ሰው ሊያስመጣ ያስብ ይሆናል። ለሚያስብ ሰው ሦስት ነገር ልበል።

መጀመሪያ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ በፎቶ አስልኩ። "100-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ" የሚል ከሆነ ኢትዮጵያ ሄዶ በቀጥታ ይሰካል። ኪውኤስሲ ኬ12.2 እንደዚያ ነው፣ ዋጋው ግን ከዚህ ዝርዝር በላይ ነው። "120 ቮልት" ብቻ የሚል ከሆነ 220 ላይ ስትሰኩት ያበቃለታል። በትራንስፎርመር እሠራለሁ የሚል አለ፤ ሰርግ በመጣ ቁጥር ከባድ ትራንስፎርመር ማንጠልጠል ግን አይመከርም።

ሁለተኛ፣ ሻንጣ። 23 ኪሎ ላይ ዲቢአር 12 ከነካርቶኑ ይገባል። የጉምሩኩን ነገር ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ባለ ባትሪ ስፒከር የሚልክ ሰው የባትሪውን ዋት ሰዓት ይይ። ከ160 በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ መንገደኛ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል።

ኦርጋን ብቻዬን፦

ባትሪ ከተነሣ እኔም ልጨምር። እኔ ኦርጋንና ማይክ ብቻ ይዤ ነው የምሠራው። ለልደት፣ ለምርቃት፣ ለትንሽ ካፌ ቦዝ ኤስ1 ፕሮ የሚመስል ባለ ባትሪ ስፒከር ሕይወት ያቀልላል። 7 ኪሎ ገደማ ነው፤ መብራት ሲሄድ ዘፈኑ አይቋረጥም። ነገር ግን ለእነዚህ ልጆች አልመክርም። ከበሮ ያለበት ባንድ፣ 200 ሰው፣ ድንኳን፣ ይሄ ሁሉ ለእሱ ከአቅሙ በላይ ነው። የኦርጋን ሪትም ራሱ ባሱ ሲበረታ ሊሚተሩ ድምፁን እየያዘው ይሄዳል፣ ዘፈኑ ከፍ ዝቅ እያለ ይተነፍሳል።

የአዳማ ዘማሪት፦

እኔ ለድምፃዊቷ እህቴ ነው የምጽፈው። ስለ ስፒከሩ ወንዶቹ ብዙ ብለዋል። እኛ ዘማሪዎች የምንቸገረው ግን ራሳችንን አለመስማት ነው። ራሷን ካልሰማች ትጮሃለች፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጉሮሮዋ ያልቃል። ከሁለቱ ስፒከሮች ሌላ አንድ ትንሽ ሞኒተር (ወደ እሷ የዞረ፣ ራሷን የምትሰማበት ስፒከር) ያስፈልጋታል። ባለ 8 ወይም ባለ 10 ይበቃል። ያገለገለም ይሁን።

ሞኒተሩ የት ይቀመጥ የሚለው በማይኩ ይወሰናል። ሹር ኤስኤም58 ከሆነ በጣም ደንቆሮ የሆነው ጎኑ ከኋላው ነው፤ ሞኒተሩ ፊት ለፊቷ፣ ቀጥታ ከማይኩ ጀርባ ይሁን። ሱፐርካርዲዮይድ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ግን ከኋላው ትንሽ ይሰማል፤ ሞኒተሩን ወደ ጎን ሸሸት አድርጉት። ማይኩ ሲያፏጭ ሳውንድ ማኑን ከመቆጣት በፊት ይቺን ነገር ማስተካከል ይሻላል። የማይኩን ጭንቅላት በእጇ እንዳትሸፍነውም ንገሯት። ሲሸፈን ከሁሉም ጎን መስማት ይጀምራል።

የሐይቅ ዳር ክራር፦

ሄደን መጣን። ሁለቱንም ጥንድ በአንድ ግቢ ውስጥ በእኛው ማሲንቆና ማይክ ፈተሽናቸው። ባለ 15ቱ ከቅርብ ሲሰማ ትልቅ ነው፣ ያስደነግጣል። ድምፃዊታችን ወደ ግቢው በር ሄዳ ቆመች። እኔ ማይክ ላይ ግጥም አነበብኩ። በባለ 15ቱ "ድምፁ ይመጣል፣ ቃሉ አይመጣም" አለች። በያማሃው እያንዳንዱን ቃል ደገመችልኝ። እዚያው ወሰንን።

ጋሽ ኮይል ቤት እንዳሉት ቶኑንም ሞከርን። አንደኛው ስፒከር 110 ኸርዝ አካባቢ ይንኮሻኮሽ ነበር። ሻጩ ግሪሉን ሲፈታው የላላ ብሎን ሆኖ ተገኘ። ሲጠብቅ ጠፋ። ግማሽ ሰዓት አሠራናቸው፣ ደህና ናቸው።

አሁን ጭንቀቴ መብራቱ ነው። እኛ ሰፈር ሄድ መጣ ይላል። ድንኳን ውስጥ ደግሞ ጄኔሬተር ነው። ምን እናድርግ?

ኮይል ቤት፦

ጎበዝ ልጆች። መብራቱን በተመለከተ፣ ብዙውን ጊዜ ዕቃ የሚጎዳው መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው። ሲመለስ ቮልቴጁ ሊዘል ይችላል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ወዲያው ስፒከሮቹን አጥፉ። ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ እስኪረጋ አታብሩ። ይህን ራሱ የሚጠብቅ፣ ዘግይቶ የሚያበራ ቮልቴጅ ጋርድ ገበያ ላይ አለ። ግዙት፣ ከሁሉም ርካሽ ኢንሹራንስ ነው።

ጄኔሬተር ሲሆን ከመሰካታችሁ በፊት በመለኪያ እዩት። ወደ 220 ተጠግቶ ካልቆመ፣ እየወጣ እየወረደ ከሆነ አትሰኩ። የኩሽናው ምድጃና የእናንተ ስፒከር በአንድ ገመድ ላይ አይሁኑ። ዋቱ አያስፈራችሁ። ባለ 1000 ዋት ስፒከር ሙዚቃ ሲያጫውት በአማካይ የሚወስደው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ችግሩ መጠኑ አይደለም፣ አለመረጋጋቱ ነው።

ማብሪያ ቅደም ተከተልም አለ። ሚክሰር መጀመሪያ፣ ስፒከር መጨረሻ። ስታጠፉ ስፒከር መጀመሪያ፣ ሚክሰር መጨረሻ። ያ "ጧ!" የሚለው ድምፅ የትዊተር ጠላት ነው።

ሳውንድ ቼክ፦

እንኳን ደስ አላችሁ! ከጋሼ ቃል ላይ ትንሽ ልጨምር። ዲቢአር ጀርባው ላይ ማይክና ላይን የሚል ማብሪያ አለ። ከሚክሰር ስትመጡ ላይን ላይ ይሁን። ብዙ ሰው ማይክ ላይ ትቶት "ስፒከሩ ሽሽታ አለው፣ ድምፁ ይሰነጠቃል" ይላል። ሊሚት የሚለው መብራት አልፎ አልፎ ብልጭ ቢል ችግር የለውም። ሳይጠፋ ከቆየ ግን ቀንሱ።

ከሚክሰር ወደ ስፒከር ባለ ሦስት እግሩን ኤክስኤልአር ገመድ ተጠቀሙ። ረጅም የጊታር ገመድ የጄኔሬተሩን ጉምጉምታ ሁሉ ይሰበስብላችኋል። ክራሩ ፒካፕ (የተገጠመበት ድምፅ ተቀባይ) ካለው በአክቲቭ ዲአይ ቦክስ (የፒካፑን ድምፅ ለሚክሰሩ የሚያስማማ ትንሽ ሣጥን) ይግባ። በቀጥታ ሚክሰር ላይ ሲሰካ ቀጥኖ፣ ቆርቆሮ ሆኖ ይሰማል። በማይኮቹ ቻናል ላይ ሎው ካቱን (ባሱን የሚቆርጠውን ማብሪያ) አብሩ፤ የከበሮው ማይክ ላይ ብቻ አታብሩት።

የሐይቅ ዳር ክራር፦

ክራሩ ለምን ቆርቆሮ እንደሚመስል አሁን ገባኝ! ዲአይ እፈልጋለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ። ቅዳሜ መልስ አለን። ድንኳኑ 12 ሜትር በ20 ሜትር ነው። እኛ በጠባቡ ጎን ነን። የሙሽሮቹ ወላጆች ጠረጴዛ ከፊታችን በግራ በኩል ነው። የት እናቁማቸው?

ሳውንድ ቼክ፦

ሁለቱም ከማይኮቻችሁ ፊት ይሁኑ፤ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ወደ ሰዉ። ስታንዱን ሆርኑ ከሰው ጭንቅላት በላይ፣ ወደ 2 ሜትር እስኪሆን አውጡት። ዝቅ ካለ የፊተኞቹን ጆሮ ይጎዳል፣ የኋለኞቹ ጋ ደግሞ አይደርስም። የሚጨፍር ሰው ሲቆምም ድምፁን ይጋርደዋል። የግራውን ወደ ድንኳኑ መሀል መለስ አድርጉት፣ የወላጆቹን ጠረጴዛ በጎኑ ብቻ ይለፈው። እግሮቹን በደንብ ክፈቱ፣ አሸዋ የሞላ ከረጢት ጫኑበት። ልጆች ስታንድ መግፋት ይወዳሉ።

ኋላ ያሉት አልሰማንም ካሉ ድምፅ ከመጨመር በፊት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኸርዝ ያለውን በድምፃዊቷ ቻናል ላይ ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ ኦርጋኑን ደግሞ ቀንሱ። አብዛኛውን ጊዜ ቃሉን የሚሸፍነው ኦርጋኑ ነው።

ማሲንቆ በምሽት፦

የማሲንቆውን ማይክ ቆዳው ላይ ቀጥ አታድርጉት፣ ይጮሃል። ከቆዳው ጠርዝ ትይዩ፣ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ፣ ትንሽ ዘንበል አድርጋችሁ አስጠጉት። ተጫዋቹ ሲዘፍንም ሲወዛወዝም ከዚያው አካባቢ እንዳይርቅ ወንበር ላይ ይቀመጥ። ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኑ ባዶ እያለ ሂዱና ሞክሩት። ሰው ከገባ በኋላ ድምፅ ትንሽ ስለሚዋጥ ለዚያ የሚሆን ትርፍ በፌደሩ (በሚክሰሩ ድምፅ መጨመሪያ) ላይ ተዉ።